የእርጥብ ዋንዛ በር

ጫማዬ መንገድ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ስቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ባለፈው መጋቢት ነው። ሲኤምሲ ላይ ከሚኒባስ ወርጄ፣ ወደ የካ አባዶ የሚሄደውን ለመያዝ የአንድ ትምህርት ቤት አጥር ጥግ ጥጉን ስራመድ ቀኝ ሰንደሌ አልነሳም አለ። እግሬ ወጣ፣ ጫማው ቀረ። ዩኒፎርም የለበሰች አንዲት ልጅ ክንዴን ያዝ አደረገችኝና «ማዘር፣ ቀስ! ማስቲካ ነው፤ ሰዉ እኮ ዝም ብሎ ይተፋል» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። አስፋልቱ ላይ ቢጫ ቢጫ ነገር ተረጋግጦ ተለጥፏል። ቀና ብል ከአጥሩ በላይ ሰፋፊ ቅጠሉን የዘረጋ ዛፍ አለ። «ማስቲካ አይደለም ልጄ፤ ዋንዛ ነው» አልኳት። «ምንድነው እሱ?» «ፍሬ ነዋ። ይበላል።» «ኖ ዌይ!» ብላ አፏን ያዘች። ካላመነችኝማ ብዬ፣ ዝቅ ካለችው ቅርንጫፍ አንዷን ቀጥፌ ጨመቅ አድርጌ አፌ ውስጥ ከተትኳት። «ማዘር፣ ሲሪየስሊ፣ ሆስፒታል እንዳይገቡ!» እያለች ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩላት። ጣፋጩ ዝልግልግ ነገር ምላሴ ላይ ሲሟሟ ግን ሳቄ ቆመ። አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ተጣብቀው አንላቀቅም አሉ። ጣቶቼ እንዲህ የተጣበቁበትን የመጨረሻ ቀን አውቀዋለሁ። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ወዲያ ዋንዛ በአፌ ዞሮ አያውቅም፤ ያን ቀን የሆነውንም ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ልነግራት የሚገባኝ ሰው ደግሞ እዚያው የካ አባዶ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መቁጠሪያዋን ይዛ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። እናቴ ናት።

እኛ እዚህ አካባቢ ስንኖር ሲኤምሲ የሚባል ስም ገና አልመጣም፤ መጥቶም ከሆነ እኛ ሰፈር አልደረሰም። ከኮተቤ መንገድ ወደ ታች ወረድ ሲሉ ጤፍና ሽንብራ የሚዘራበት ሜዳ ነበር። ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሴቶቹ ኮንጓቸውን በእጃቸው ይዘው ነው የሚሻገሩት። ኮንጎ ታውቁታላችሁ አይደል? ያ የላስቲክ ጫማ፣ ፀሐይ ሲመታው እግር የሚቀቅለው። ለዒድ አዲስ ኮንጎ የተገዛልን ዓመት ከእኛ በላይ ሀብታም አልነበረም። ዳቦ አምስት ሳንቲም ነበር። በዐሥር ሳንቲም ሁለት ገዝቼ አንዱን መንገድ ላይ ጨርሼ «አንድ ብቻ ነው የቀረው አሉኝ» እያልኩ እገባ ነበር፤ አፌ ላይ ያለውን ፍርፋሪ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገችልኝ «እውነትሽን ነው» ትለኛለች። እናቴ እንዲህ ናት፤ አውቃ ዝም ማለት ትችልበታለች። ይህን አስታውሱልኝ። አባቴ ከወሎ የመጣ አናጺ ነበር። የሠራውን መስኮት በራሱ ላይ ተሸክሞ በእግሩ እስከ ሃያ ሁለት ሰፈር ያደርስ ነበር፤ እኔ ደግሞ መዶሻውን ይዤ ከኋላ ከኋላው እሮጣለሁ። ዛሬ በዚያ ሳልፍ መስታወቱን፣ ሆቴሉን፣ ካፌውን እያየሁ «አብዬ ይህን ሁሉ መስኮት በየትኛው ራሱ ይሸከመው ነበር?» እላለሁ ለራሴ።

ግቢያችን ውስጥ አንድ ዋንዛ ነበር። መስከረም ካለፈ በኋላ ነጭ አበባ ይለብስና ነፋስ ሲነካው ግቢው ሁሉ የሠርግ ቤት ይመስላል። በጥርና በየካቲት ፍሬ ይይዝና መጋቢት ላይ ቢጫ ሆኖ ይበስላል። ዛፉ የማን ነው ብትሉኝ የወንድሜ የሁሴን ነበር። ሁሴን በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። አፍሮ ፀጉሩ ውስጥ ሚዶውን ሰክቶ፣ ጫፉ መንገድ የሚጠርገውን ቦላሌ ሱሪውን ለብሶ፣ ቅርንጫፉ ላይ ወጥቶ መጽሐፍ ያነባል። አባቴ «ይህ ልጅ ሰው ነው ወፍ?» ይላል፤ እናቴ «ወፍም ቢሆን የኔ ወፍ ነው» ትመልሳለች። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ብዙም አልረገጥኩም። ፊደል ያስቆጠረኝ ሁሴን ነው፤ ያውም በዋንዛ ቅጠል። የዋንዛ ቅጠል ሰፊ ነው፤ በምስማር ሲጭሩት ጠቆር ያለ መስመር ያወጣል። «ሀ» ብሎ ይጭርልኛል፤ እኔ ከሥሩ እጭራለሁ። ዛሬ ይህን የምጽፈው በእሱ ምስማር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አንድ ቀን ደብተሩ ሲገነጠልበት በዋንዛ ፍሬ አጣብቆ አስቀመጠው። በማግስቱ ጉንዳን ገብቶበት ሒሳቡን ከነመልሱ በልቶታል። «አስተማሪዬ አያምነኝም» ብሎ ጉንዳኑን በክብሪት ቀፎ ይዞ ትምህርት ቤት ሄደ።

ከውጭ ሲመጣ አንድ ጨዋታ ነበረው። በሩን ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ሮጬ ስከፍት ሰው የለም። ደፉ ላይ፣ አንድ ቅጠል ላይ፣ ሦስት የበሰለ ዋንዛ ተቀምጧል። አንዷ የእናቴ፣ አንዷ የአባቴ፣ አንዷ የኔ። እሱ ከዛፉ ጀርባ ቆሞ ይስቃል።

ከዚያ ያ ዘመን መጣ። ስሙን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እኔ እዚህ መጥራቱ አይጠቅመኝም። ወጣት በየቤቱ የሚፈለግበት ጊዜ ነበር። አንድ ከሰዓት ሰዎች መጡ። «ማነው?» ብላ እናቴ እስክትነሳ አልታገሱም፤ አሮጌውን በር በርግጫ ከነመቃኑ ገነጠሉት። ሁሴን የመጀመሪያውን ጩኸት ሲሰማ በጓሮ ወጥቶ ዋንዛው ላይ ነበር። አጥሩን አልፎ በተዘረጋው ቅርንጫፍ ተሻግሮ ሽንብራው ውስጥ ዘለለ። ሲዘል አየሁት። ሚዶው ከፀጉሩ ወደቀች፤ አልተመለሰላትም።

ቤቱ ያለ በር ቀረ። በዚያ ጊዜ ያለ በር መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ለልጄ ለራህማ ብነግራት አይገባትም። አባቴ ሁለት ቀን ደጁ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅሎ ቆየ። በሦስተኛው ቀን መጥረቢያውን ስሎ ዋንዛውን ቆረጠው። አንድም ሌላ እንጨት መግዣ አልነበረውም፤ አንድም ደግሞ ያ ቅርንጫፍ አጥሩ ላይ ተዘርግቶ ሲታይ «በዚህ ነው ያመለጠው» እያለ የሚናገርብን መሰለው። አናጺ ያውቃል፤ የተቆረጠ ዋንዛ ጥላ ሥር አንድ ዓመት ተኝቶ ካልደረቀ አይሠራም። አባቴ ስንቱን ደንበኛ «እርጥብ እንጨት ያለቅሳል፤ ታገሥ» ብሎ መልሷል! ለራሱ ግን አልታገሠም። ገና ውሃው ሳይመጠጥ ሰንጥቆ፣ በመላጊያ ልጎ፣ በአራት ቀን በር አድርጎ ሰቀለው። ሲጨርስ እጁን ሳንቃው ላይ አሳርፎ «አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አለ። ለማን እንዳለው አላውቅም፤ ለእንጨቱ ይሁን ለልጁ።

በሩ ማልቀስ ጀመረ። በጋ ነበር። ፀሐይ በረታ ሲል፣ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሳንቃው እየደረቀ ሲሰነጠቅ «ጧ!» ይላል። ልክ ሰው በጣቱ አንጓ እንደሚመታው። የመጀመሪያው ቀን እናቴ የምትለቅመውን ምስር ከነሰፌዱ ደፍታ ሮጠች። ከፈተች፤ ሰው የለም። «ሁሴኔ ነው፤ ተደብቆ ነው» አለች። «እንጨቱ ነው ፋጤ» አላት አባቴ አንገቱን ደፍቶ። አልሰማችውም። በቀን ዐሥር ጊዜ፣ ዐሥራ አምስት ጊዜ ትሮጥ ጀመር። ሻሿ ወድቆ፣ በባዶ እግሯ። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ አፋቸው አያርፍ፣ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው እኔን «ዘይነባ፣ የናንተ በር ሰው ሳይነካው ይጮኻል፤ የኔ ባል ደግሞ ብመታውም አይሰማ! እንለዋወጥ ይሆን?» ይላሉ። ሰፈርተኛው ይስቃል፤ እኔም ፊት ለፊታቸው እስቅና ጓሮ ሄጄ አለቅሳለሁ። ውሃ ስቀዳ የሰፈሩ ልጃገረዶች «ጧ!» ይሉና እናቴ የምትሮጠውን አሯሯጥ ይሮጡብኛል። ከሐዘኔ ሐፍረቴ በለጠ። ዐሥራ አራት ዓመት እንዲህ ያለ ዕድሜ ነው።

እንግዲህ ያቺ ቀን። ዓመት ተመልሶ መጋቢት ሆኗል፤ ከሁሴን አንድ ቃል አልመጣም። አባቴ ሥራ ሄዷል። እናቴ ትኩሳት ይዟት መደብ ላይ ተኝታለች፤ ቢሆንም ከጠዋት ጀምሮ ሰባት ጊዜ ተነስታ በሩን ከፍታለች። ሰባተኛው ላይ ደፉ ላይ ወደቀች። አንስቼ አስተኛኋት። በውስጤ የነበረው ቁጣ እንጂ አዘኔታ አልነበረም፤ ለምን እዋሻለሁ። ጥቂት ቆይቶ በሩ ጮኸ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ሦስት ጊዜ ነበር። እንጨት አንዴ ነው የሚጮኸው። ሦስት ጊዜ፣ እኩል እኩል፣ ጮኾ አያውቅም። ይህን ያኔም አውቄዋለሁ። እናቴ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። «ዘይኔ፣ ክፈቺ» አለችኝ። እኔም «ተኚ እምዬ፤ እንጨቱ ነው» አልኳት። «ዘይኔ…» «እንጨቱ ነው አልኩሽ! ሰው ሳቀብን እኮ!» ጮኽኩባት። ዓይኗን ጨፍና ተመልሳ ተኛች። በሩ ሌላ አልተናገረም።

ምናልባት ግማሽ ሰዓት ቆይቼ የእግር ውሃ ልደፋ ወጣሁ። ደፉ ላይ አንድ ቅጠል ተነጥፏል። ቅጠሉ ላይ ሦስት ዋንዛ። ከፀሐዩ የተነሳ ሞቀው ነበር። በግቢያችን ዋንዛ የለም፤ ጉቶው ብቻ ነው የቀረው። በአቅራቢያ ያለው ዋንዛ ከወንዙ ማዶ ነው። የያዝኩትን ሳሕን ጥዬ ወደ አጥሩ ሮጥኩ። «እትዬ አስካለ፣ ሰው አይተዋል?» «አንድ ባርኔጣ ያጠለቀ ሰው ጉቶው ላይ ቁጭ ብሎ ነበር፤ የአባትሽ ደንበኛ መስሎኝ።» «ወዴት ሄደ?» «ወደ ወንዙ ወረደ። ምነው፣ ምን ወሰደባችሁ?» እስከ ወንዙ ሮጥኩ። አንዲት ሴት ጨርቅ ታጥባለች፤ ሌላ ማንም የለም። ስሙን ጮኼ እንዳልጠራው ያኔ ስሙ የማይጠራ ስም ነበር።

እሱ ነበር? አላውቅም። ባርኔጣ የሚያጠልቅ ሰው ብዙ ነው፤ ጨዋታችንን የሚያውቅ ጓደኛው መልእክት ሊያደርስ መጥቶም ይሆናል። የማውቀው ይህን ነው፦ የመጣው ሰው ዛፉን ተቆርጦ አገኘው፤ የማያውቀው አዲስ በር ተዘግቶበት አገኘ፤ ሦስት ጊዜ አንኳኳ፤ ከውስጥም የኔን ድምፅ ሰማ። «ሰው ሳቀብን እኮ» ስል ሰምቶኛል። ከዚያ ወዲህ የሁሴን ወሬ በሰው አፍም፣ በደብዳቤም፣ በሕልምም አልመጣም።

ፍሬዎቹን ለእናቴ ላሳያት አልቻልኩም፤ ልጥላቸውም አልቻልኩም። ከጓሮ ግድግዳ ጥግ ተወሽቄ ሦስቱንም በላኋቸው፤ የእናቴን፣ የአባቴን፣ የኔን። ጠንካራውን ፍሬ ጭምር ዋጥኩት። አመድ ፈልጌ እጄን ፈተግኩ፤ አልለቀቀም። እንደዚያው ገባሁ። እናቴ ውሃ ለመነችኝ፤ ጣሳውን ሳቀብላት እጄን በሁለት እጇ ያዘችኝ። ልስብ ብል ጣቶቻችን ተጣብቀው ነበር። አንድም ነገር አላለች።

ከዚያች ቀን በኋላ እናቴ ሮጣ አታውቅም። በሩ «ጧ!» ሲል እጇ ይቆምና፣ ትንሽ ቆይታ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ሰፈሩ «ፋጤ ተሻላት፣ አልሐምዱሊላህ» አለ። እኔ ግን ተስፋዋን በአፌ የገደልኩ መሰለኝ። በሁለት በሦስት ዓመት ሳንቃው ደርቆ በሩ ዝም አለ፤ አባቴም ብዙ አልቆየ፣ አረፈ። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ባሌን ቀበርኩ፤ በዚያው በር ስንገባ ስንወጣ ኖርን። ሰፈሩ ለልማት ተነስቶ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሲደርሰን እናቴ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሩ እንዲነቀልላት። አራት ሰዎች በደረጃ እያማረሩ አወጡት። «እማማ፣ ይህ በር ነው ወይስ ታቦት?» አላት አንደኛው። «ተሸከም፤ ምንዳውን አላህ ይከፍልሃል» አለችው። የሚገጠምበት ቦታ ስለሌለው በረንዳው ላይ ቆሞ ቀረ። ጉቶው የነበረበትን ቦታ ዛሬ ላሳያችሁ ብል አልችልም፤ የአንድ ካፌ መኪና ማቆሚያ ሥር ሳይሆን አይቀርም።

እናንተዬ፣ ያ በር ከአርባ ዓመት ዝምታ በኋላ እዚህ መጥቶ መናገር ጀመረ። በድሮው ቤት ክዳን ሥር ነበር፤ እዚህ በረንዳ ላይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲያቃጥለው እንደ ገና መሰንጠቅ ጀመረ። ከሰዓት ላይ «ጧ!» ይላል። ራህማ ትደነግጣለች። «እማዬ፣ በአላህ፣ ይህን ነገር እናውጣው። አናጺ አናግሬያለሁ፤ የሳሎን ጠረጴዛ ያደርግልናል። ኦሪጅናል ዋንዛ እኮ አሁን አይገኝም!» ቅዳሜ ሊመጡ ተቀጣጠሩ። እናቴ ሰምታ መቁጠሪያዋን መቁጠር ቀጠለች። እኔ ደግሞ ቀኑ በቀረበ ቁጥር እንቅልፍ አጣሁ። በሩ ከሄደ የምናገርበት ምክንያት አብሮት ይሄዳል፤ እናቴም ዘጠና እየሞላት ነው።

እንግዲህ ጫማዬ የተጣበቀው በዚያው ሳምንት፣ ሐሙስ ነው። ከዚያ ቅርንጫፍ የደረስኩበትን ሁሉ በፌስታል ለቅሜ፣ ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ «እናት፣ ይህ ነገር ወንበሬን እንዳያበላሽብኝ!» እያለኝ፣ ታቅፌው ገባሁ። እናቴ በረንዳው አጠገብ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ብዙም አያይላትም። ከፌስታሉ ሦስት አውጥቼ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። ዳበሰቻቸው። አሸተተቻቸው። «ዋንዛ» አለች።

ጉልበቷ ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ሦስት ጊዜ መሆኑን፣ ቅጠሉን፣ ጉቶው ላይ የተቀመጠውን ሰው፣ መብላቴን። ስጨርስ አላለቀሰችም። አንዷን ፍሬ አፏ ከትታ ቀስ ብላ መጠጠቻትና «ያን ዕለት ትንፋሽሽ ዋንዛ ዋንዛ ይል ነበር» አለችኝ።

«አውቀሽ ነበር እምዬ?»

«እጅሽ እጄ ላይ ተጣብቆ! ከየት ይመጣል ዋንዛ? ዛፍ የለን።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? አርባ ዓመት!»

«ምን ልበልሽ ኖሯል? አንድ ልጅ ሄዶብኛል። ብናገርሽ ሁለተኛውም ይሄድብኝ ነበር።» መቁጠሪያዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «በተነሳሁ ቁጥር ፊትሽ ይጠቁር ነበር፤ አየሁት። ያን ጊዜ መሮጡን ተውኩት።»

«እኔ ተስፋ የቆረጥሽ መስሎኝ…»

«ተስፋ ማን ቆረጠ? ቁጭ ብዬም እሰማለሁ።»

እጄን ጉልበቷ ላይ እንዳደረግኩ ቀረሁ። ከታች ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ አንድ ረዳት «ሲኤምሲ! መገናኛ! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። የቀሩትን ሁለት ፍሬዎች እንደያዘች «ቅዳሜ ይውሰዱት፤ ጠረጴዛ ይሁን» አለች። «የኔ ጆሮም ደክሟል፤ ያንቺም።»

በዚያው ቅጽበት፣ ፀሐይዋ ዘወር ስትል፣ በሩ ጮኸ። «ጧ!»

እናቴ ቀና አለች። ተያየን። እሷም «እንጨቱ ነው» አላለች፤ እኔም አላልኩም። ተነስቼ፣ ወደ በረንዳው ሳይሆን ወደ ብረቱ የመግቢያ በር፣ ወደ ደረጃው ሄድኩና ከፈትኩት። ሰው አልነበረም። ጣቴ እጀታው ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ እኔም አልዘጋሁትም።